በማለዳ የመጡት ሽማግሌዎች

እስቲ ጠጋ በይ። ትንሽ ደግሞ ጠጋ፤ ይሄን ጮክ ብዬ አላወራውም። መቼም አንቺን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ እንደተቀመጠች ጓደኛ ነው የምቆጥርሽ፤ ስለዚህ ቃል አልመርጥልሽም፣ እንደመጣልኝ ነው የምነግርሽ። ባለፈው ሳምንት ደረሰ ሐይቅ ዳር ፊቱን አዙሮብኝ ሲሄድ ነበር ያቆምኩት አይደል? ላልሰማች ደግሞ ከሥሩ ልንገራት፣ ታገሺኝ።

እኔ ታቢታ ነኝ። አዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ከእናቴ ከካሰች ጋር ነው የምኖረው። ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅኩ ነው፣ ማለትም ቤት ውስጥ ተጎልቻለሁ። ደረሰ የዱር አራዊት ጥበቃ ሠራተኛ ነው። አንበሳ የሚጠብቅ መስሎሽ እንዳትደነግጪልኝ፤ የሌሊት ወፍ ነው የሚጠብቀው። ጓደኛዬ ፈትያ ስትሰማ እንዴት እንደሳቀች ብታያት። ሌላው ዝሆን ይጠብቃል፣ ያንቺው ክንፍ ላወጣች አይጥ ዘብ ይቆማል አለችኝ።

ከቤታችን በላይ፣ ከተራራው ጀርባ ዋሻ አለ። የሰፈሩ ሰው አልቃሻው ነው የሚለው፤ ሲመሻሽ ያለቅሳላ። የእውነት ነው የምልሽ፣ ደጅ ልብስ ስሰበስብ ሰምቼው ጸጉሬ የቆመበት ቀን አለ። ቀጭን ነው ድምፁ፣ አፉን የተያዘ ሕፃን ይመስላል። መንፈስ አለበት ስለሚባል ፍየሉ የጠፋችበት ሰው እንኳ እዚያ ገብቶ አይፈልግም። እውነቱን የነገረኝ ደረሰ ነው። እነዚያ የሌሊት ወፎች ዘራቸው ሊያልቅ ትንሽ የቀረው ናቸው አለኝ፤ ፊታቸው ላይ ቅጠል የለጠፉ ይመስላሉ። ዝናቡ ሲገባ እናቶቹ ከያሉበት ተሰብስበው የሚወልዱት እዚያ ዋሻ ብቻ ነው። እሳት ከገባባቸው ይደነብራሉ፣ ግልገሎቹም ከጣራው ይረግፋሉ። የሚያለቅሰው ግልገሉ ነው። እናቱ ለአደን ስትወጣ ይጠራታል። ስትመለስ ደግሞ ከዚያ ሁሉ መንጋ መሀል የራሷን በድምፁ ለይታ ሄዳ ታቅፈዋለች።

ይሄን ለእናቴ ነገርኳት። ሹራብ እየሠራች ነበር፣ እጇ ቆመ። የሰው እናት ግን እንደዚያ አትችልም አለች፤ ከዚያ ክሯን ሳበች።

ለምን እንደዚያ እንዳለች ልንገርሽ። ታምሩ የሚባል ወንድም አለኝ። እኛ ቤት ነበረኝ አይባልም። ያን ጊዜ፣ ስሙን አልጠራውም አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ወጣት ከየቤቱ ሲለቀም፣ በጓሮ በር ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ተያዘ ያለም ሞተ ያለም የለም። እኔ ትንሽ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ሹራቡን ነው። እናቴ የሠራችለት አረንጓዴ ሹራብ ነው፣ ክሩ አልቆባት አንዱን እጅጌ በቡናማ የጨረሰችው። የሰፈር ልጆች ሲስቁበት "ይሄኛው የበዓል እጄ ነው" ይላቸው ነበር። እንግዲህ መርዶ አልመጣም። መርዶ ያልተነገረለት ሰው ደግሞ በሕይወት አለ፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም፣ አላለቀሰችም፣ የጓሮውን በር ግን እስካሁን አትቀረቅረውም።

ደረሰንም አትወደውም። ልጁ ምን አረገ? ምንም። የቀጥቃጭ ልጅ ስለሆነ ነው። አባቱ መናኸሪያው ጀርባ ማረሻና የመስኮት ብረት ይሠራሉ። እናቴ ጌታን ተቀብላለች፣ ቡዳ ምናምን አታምንም፤ ግን ደረሰ በደጃችን ሲያልፍ ወተቱን ትከድናለች። ምነው ስላት ለዝንብ ነው ትለኛለች። ዝንቡ ደረሰ ሲመጣ ብቻ ነው የሚመጣው።

በዚህ መሀል ቀበሌው አዳራሽ ልሠራ ብሎ ድንጋይ ፈለገ። የድንጋይ አምራቾች ማህበሩ ዞሮ ዞሮ የመረጠው የዋሻውን አፍ ሆነ። ደረሰ ሊቀመንበሩ ጓድ ደምሴ ዘንድ ተመላለሰ። ድንጋዩን ከተራራው ማዶ አውጡ፣ ዋሻውን ተዉልኝ፣ አባቴ የሚሠራውን ብረት አፉ ላይ ልግጠም አለ። ብረቱ አግድም ነው የሚሆነው። በቁም ከሆነ ክንፋቸውን ይመታቸዋል፤ አግድም ከተደረደረ እነሱ ያልፋሉ፣ ሰው አያልፍም። ጓድ ደምሴ በስብሰባ ላይ፣ ሰፊው ሕዝብ ራሱ በር የለውም፣ ለሌሊት ወፍ በር እንግጠም ወይ ብሎ ቤቱን ሁሉ አሳቀበት። ሰኞ በድማሚት እንዲፈርስ ተወሰነ።

ደረሰ ተስፋ ሳይቆርጥ፣ እናቶቹ የት የት እንደተንጠለጠሉ ላሳያቸው ብሎ ሌላ ጊዜ ደርሶበት ወደማያውቀው የዋሻው ውስጠኛ ክፍል ገባ። ሲወጣ ሌላ ሰው ሆነ።

ያ ልጅ እኮ ዓይኑን እኔ ላይ አስቀምጦ የሚረሳ ልጅ ነበር። ሐይቅ ዳር ዋርካው ሥር ስንቀመጥ፣ ወፎቹ ውኃው ላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ እያሳየኝ፣ ጣቱ ወደ ውኃው ዓይኑ ወደ እኔ። የዚያን ቀን ግን መሬት መሬቱን ያያል። ዋሻው ሳይፈርስ አንዴ አስገባኝ አልኩት።

"አንቺ እዚያ አትገቢም" አለኝ።

"ለምን?"

"ታቢታ፣ በእናትሽ፣ ዛሬ አትጠይቂኝ።" ፊቱን አዞረና ሄደ።

ሌላ ሴት ይዟል አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ የወተቱን ክዳን አይቶት ቂም ይዟል አልኩ። ዓሣ የሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው ዙሪያዬን ቆመው ነበር፤ ለቅሶ ቤት ደጅ እንደሚቆሙ ሽማግሌዎች። ያኔ አልገባኝም። የገባኝ አለመፈለጌ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ፈትያ እየሮጠች መጣች። ጫማዋን እንኳ በትክክል አላደረገችም። አባቷ ጋሽ ጠሀ ገበያው ውስጥ ሱቅ አላቸው። ደረሰ ሱቅ ገብቶ ኮፍያውን አውልቆ በጆሯቸው ብዙ ነገር ነገራቸው አለች። ጋሽ ጠሀ እጁን ይዘው ቆዩ፣ ከዚያ፣ እሁድ ጠዋት እነ ካሰች ቤት እንሄዳለን አሉት። ከዚያም የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደጻድቅ ቤት ሲገባ አየሁት አለችኝ።

"ሽማግሌ እየላከ ነው አንቺ። ፊቱ የጠፋው ለዚህ ነው። ወንድ ልጅ ሊጠይቅ ሲል ወባ የያዘው ነው የሚመስለው፣ የአክስቴን ባል አይተሽው ቢሆን።"

እኔ ደግሞ አመንኩ። አንቺ ብትሆኚ አታምኚም?

ለእናቴ እንዴት እንደነገርኳት እግዜር ነው የሚያውቀው። የሚላጠውን ድንች አቀብዬያት፣ ነገ ጠዋት ሽማግሌ ይመጣል አልኩና ድንቹን ማየት ጀመርኩ። እናቴ ተነሥታ ከቁም ሳጥኑ ለዓመት በዓል ብቻ የሚወጡትን ስኒዎች አወጣች፣ አጠበቻቸው፣ አንድ በአንድ ለብርሃን እያሳየች ጠረገቻቸው። "ሰው በሰላም ሲመጣ በር አይዘጋም" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ታምሩ ቢኖር እሱ ነበር የሚቀበላቸው።" ይሄው ነው ያለችው። ወተቱን ግን አሁንም እንደከደነችው አየሁ፤ ሳቄን ዋጥኩት። ፈትያ ከሱቃቸው ወንበር አስመጣችልን፣ ቢጫ ቀሚሷንም አዋሰችኝ። የዚያን ቀን ማታ ዋሻው ሲያለቅስ እንኳ ለእኔ የሚዘምር ነበር የመሰለኝ።

ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ለበስኩ። ቤቱን ጠርጌ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ውጭው ገና ግራጫ ነው። ሲቸኩሉ እያልኩ፣ እየሳቅኩ ከፈትኩ።

ጋሽ ወልደጻድቅ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ጋሽ ጠሀ ካፖርታቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ከኋላቸው ሌሎች ሰዎች፣ ግድግዳው ጥግ የጎረቤት ሴቶች። ራቅ ብሎ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ደረሰ። አንዳቸውም እንዴት አደርሽ አላሉኝም።

"ግቡ፣ ወንበር አለ" አልኳቸው።

ጋሽ ወልደጻድቅ ጭንቅላቴን ዳሰሱኝ። "ልጄ፣ እናትሽን ያዣት" አሉኝ።

እኔ ገና ሳቄ ፊቴ ላይ ነበር፣ ታምኛለሽ? እናቴ ስኒ በእጇ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ሰዎቹን አላየችም መጀመሪያ። በእነሱ ትከሻ ላይ አሻግራ ሰማዩን አየች። ከዚያ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው።

"በዚህ ሰዓት ሴት ልጅ አትጠየቅም" አለች።

"ካሰች፣" አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ፣ "ታምሩ አርፏል። አልቃሻው ዋሻ ውስጥ ነው የተገኘው።"

ጋሽ ጠሀ ካፖርታቸውን ከፈቱ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የሹራብ እጅጌ ነው። አቧራ ውጦታል፣ ቡናማነቱ ግን አልጠፋም።

እናቴ አልጮኸችም። ወደ ደጅ ወጣችና ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች። "ሲጠራኝ እሰማው ነበር" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። "ይሄን ሁሉ ዓመት። እኔ መንፈስ ነው፣ የሌሊት ወፍ ነው አልኩ።" ከዚያ በኋላ ነው ያን ጊዜ ሁሉ ያላለቀሰችው ለቅሶ የወጣው። ሴቶቹ ደገፏት። ፈትያ አጥሩ ጋ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። እኔ ደግሞ ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ መሀል ላይ ቆምኩ፤ አውልቂው የሚለኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም እጄን ማንሣት አቃተኝ።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሆነውን ነገሩን። ታምሩ ያኔ ሸሽቶ የገባው እዚያ ነው። ውስጠኛው ክፍል ውስጥ ዐለት ተደግፎ እንደተቀመጠ ነው ደረሰ ያገኘው፤ ምን እንደገደለው የሚያውቅ የለም። ደረሰ ሹራቡን እኔ ከነገርኩት አወቀው። እጅጌውን ብቻ ለምልክት አምጥቶ ሌላውን ሳይነካ ወጣ።

እናቴ ደረሰን አስጠራችው። እግሩ የግቢያችንን መሬት ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

"እትዬ ካሰች፣ እርስዎ ካዘዙኝ አሁኑኑ ገብቼ አወጣዋለሁ።"

"ብትገባስ?"

"ከሰው ጋር፣ ችቦ ይዤ ነው መግባት ያለብኝ። ግልገሎቹ ይረግፋሉ። ግን ልጅዎ ነው።"

እናቴ እጅጌውን ጉልበቷ ላይ አለሰለሰችው። "የተንጠለጠሉት የት ነው?"

"ልክ ከእሱ በላይ።"

"ብቻውን አልነበረማ" አለች። እንባዋ እንደገና ወረደ፣ ድምፅ ግን አልነበረውም። "ተዋቸው ያሳድጉ። ልጆቻቸው በርረው እስኪወጡ ይቆያል። እኔን መጠበቅ ማን ያስተምረኛል።"

ደረሰ ቀስ ብሎ፣ ነገ ግን ድማሚቱ እኮ አለ ሲላት ነው እናቴ ማንም ያላሰበውን ያሰበችው። ለቅሶው እዚህ አይደለም የሚቀመጠው አለች፣ ልጄ ደጅ፣ ዋሻው አፍ ላይ ነው። ጋሽ ወልደጻድቅ ትንሽ አቅማሙ። በኋላ የእድሩን ድንኳን አስጭነው ራሳቸው ከፊት ወጡ።

ሰኞ ድንጋይ አምራቾቹ ድማሚት፣ ዲጂኖና መዶሻ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ያገኙት ምን እንደሆነ ገመቺ። ድንኳን፣ ምንጣፍ፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ የዋሻው አፍ ላይ እናቴ። ዝናብ ያካፋል። ሰዎቹ ቆሙ። እርስ በርስ ተያዩ። ምን ያርጉ? የለቅሶ ድንኳን አልፎ ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው አለ እንዴ? አንዱ መዶሻውን ዛፍ ሥር አስቀመጠ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ያጽናዎት ብሎ ምንጣፉ ጫፍ ተቀመጠ። ቀጥሎ ሌላው፣ ሁሉም። ያመጡት ዲጂኖ ሁሉ ዛፉ ሥር ተደርድሮ ቀረ።

እኩለ ቀን ላይ ጓድ ደምሴ መጣ። ማን እንደ ሞተ፣ የት እንደ ተገኘ ነግረውታል፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ቆመ። ድንኳን ሙሉ ሰው አየው። ለቅሶ ያልተቀመጠን ሰው ማን ይቀብረዋል፣ እሱም ያውቃል። ቁጭ አለ። ጥቂት ቆይቶ ያጽናሽ አላትና ሄደ። በማግስቱ ድንጋዩ ከማዶ ይውጣ ተባለ። የማነው ትእዛዙ ብሎ የጠየቀ የለም።

ግን ያን ሰኞ አመሻሽ ላይ ልመልስሽ። ቸርቻችን በመንግሥት ስለተዘጋ መዝሙሩን ሴቶቹ እንዳይሰማ አፋቸውን ገጥመው በአፍንጫቸው ነው የሚያዜሙት። ብርሃኑ ሲደክም ወፎቹ መውጣት ጀመሩ። በራሳችን ላይ ነው ያለፉት፣ እንደ ጥቁር ጥለት ተዘርግተው ወደ ሐይቁ። ንፋሳቸው ጉንጬን ነካኝ። ከዚያ ከውስጥ ያ ድምፅ መጣ። ዜማው ተቋረጠ። ሴቶቹ ተጠጋጉ፣ ድንጋይ አምራቾቹ እንኳ ራሳቸውን አጎነበሱ። እናቴ ብቻ ቀና አለች።

"ወዬ" አለች ወደ ጨለማው። "ወዬ ታምሩ። መጣሁ።"

ግልገል ነው፣ አውቃለሁ፣ ደረሰ አስተምሮኛል። ግን እምልልሻለሁ፣ ድምፁ ለአፍታ ጸጥ አለ።

መቀመጥ አልቻልኩም፣ ተነሥቼ ከድንኳኑ ጀርባ ሄድኩ። ደረሰ እዚያ ዝናብ ላይ ቆሟል፤ ከሰው ጋር ለመቀመጥ የደፈረ አይመስልም።

"ለእኔ መንገር አትችልም ነበር?" አልኩት።

"መርዶ ለአንድ ሰው አይነገርም። ብነግርሽ ለብቻሽ ታለቅሺያለሽ፣ እናትሽ ፊት ደግሞ ትስቂያለሽ። እንደዚያ እንድትሆኚብኝ አልፈለግኩም።"

"እኔ እኮ ሽማግሌ የላክህ መስሎኝ ነበር፣ ደረሰ።"

አላወቀም ነበር። ሲገባው አየሁት፤ ቀስ እያለ፣ ከግንባሩ ወደ አገጩ።

"ቀሚስ ተውሼ ለብሼ ነበር። እየሳቅኩ ነው የከፈትኩላቸው። ግቡ፣ ወንበር አለ አልኳቸው።"

"እየሳቅሽ?" አለ። እርጥብ ዐለት ላይ ተቀመጠ። "ልልክ ነበር" አለኝ። "ከአባቴ ጋር ተነጋግረን ጨርሰን ነበር። ከዚያ ዋሻ ገባሁ። ወንድምሽን እጄ ላይ ይዤ አንቺን እንዴት ልጠይቅ?"

ዓይኑን ቀና አድርጎ አየኝ፤ ያ የድሮው አስተያየት ነው፣ አስቀምጦ የሚረሳኝ። እኔ ግን ሳየው ግራጫው ማለዳ ነው የታየኝ። እየወደድኩት፣ ገፍቼው መሮጥ አማረኝ። ገባሽ?

ሦስተኛው ቀን ላይ ድንኳኑ ሲፈርስ እናቴ ጠራችው። "ያንን ብረት አባትህ ይቀጥቅጡልኝ" አለችው። "አጋድማችሁ ሥሩት፣ እነሱ እንዲያልፉ።" አባትና ልጅ ተሸክመው አመጡት። ሲገጥሙ ውለው ሲመለሱ በደጃችን አለፉ፤ እናቴ በብርጭቆ ወተት ይዛ ወጣች። ክዳን የለውም። ለአባቱ ሰጠች፣ ለእሱም ሰጠች፣ ጠጥተው እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች።

አሁን ጥቁር ለብሻለሁ። ደረሰ መልእክት ልኮልኛል፤ ሐዘናችሁ ሲወጣ ሽማግሌ ብልክ እናትሽ ይችሉታል ወይ፣ አንቺስ ትችያለሽ ወይ ብሎ። እኔ እንጃ። በር በተንኳኳ ቁጥር እናቴ ሰማይ ነው የምታየው። እኔም ጀምሬያለሁ። የጓሮውን በር አሁንም አትቀረቅረውም፤ ለማን እንደሆነ አልጠይቃትም።

ጨንቆኝ ፈትያ ዘንድ ሄድኩ። ከዚያ እሁድ ወዲህ ዓይኔን ማየት አቅቷት ከሱቁ ኋላ እየተደበቀችብኝ ነበር። ስኳር ጆንያው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና ምን ልበለው አልኳት። ብዙ አለቀሰች፣ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፣ ቃል በቃል ነው የምነግርሽ፦

"ይላክ በይው፣ ግን በማለዳ አይሁን። ረፋድ ላይ፣ ፀሐዩ ሞቅ ሲል፣ አባቴን ከፊት አርጎ ይላክ። እኔ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሬ እልል እያልኩ እመጣለሁ፣ እትዬ ካሰች በሩ ሳይንኳኳ ምን እንደመጣ እንዲያውቁ።"